ከታጠብን በኋላ ያለችው ደቂቃ፦ ስለ ቶነር የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ እህቶቼ፤ ከኋላ የተቀመጣችሁ ወንድሞቼም እንኳን ደህና መጣችሁ። የቅዳሜን ከሰዓት ከቤትና ከገበያ ቀንሶ ለንግግር መስጠት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስትጋበዙ «ፊታችሁ ላይ የምታደርጉትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ» ብለን ነበር። ከየወንበሩ ሥር ፌስታሉ ይታየኛል። ለጊዜው እዚያው ይቆይ።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ከቆምኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ሥራ ስጀምር ለፊት የሚጠየቀው ግሊሰሪንና ቫዝሊን ነበር። ዛሬ አንዲት ወጣት ስትገባ አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቀኝ «ቶነር አላችሁ?» ብላ ነው፤ ከታጠብን በኋላ ፊት ላይ የሚደረገውን ፈሳሽ ማለቷ ነው። የትኛውን ስላት ስልኳን አውጥታ ፎቶ ታሳየኛለች። ለምን ፈለግሽው ስላት ግን ዝም ትላለች፤ ወይም «ፊት ያጠራል ሲሉ ሰምቼ ነው» ትለኛለች። ዛሬ እዚህ ያመጣኝ ይኸው «ያጠራል» የሚለው ቃል ነው። በዚህ ቃል የተነሣ የተጎዳ ፊት ብዙ አይቻለሁ፤ የራሴንም ጭምር።

የዩኒቨርሲቲ አራተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ግንባሬና አገጬ ላይ ብጉር ይወጣብኝ ነበር። ከአንድ ሱቅ ሰማያዊ ፈሳሽ የያዘ ጠርሙስ ገዛሁ። ሽታው መርፌ ከመወጋታችን በፊት ክንዳችን የሚጠረግበት አልኮል ነው። ጥጥ ነክሬ ፊቴን ስጠርግበት መጀመሪያ ያቃጥላል፤ ቀጥሎ ቀዝቀዝ ይላል፤ ከዚያ ቆዳዬ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ጥጡን ሳየው ቡናማ ሆኗል። «ይህ ሁሉ ቆሻሻ ፊቴ ላይ ነበር እንዴ!» እላለሁና ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ እደጋግመዋለሁ። ጠዋትም ማታም። በሦስተኛው ሳምንት ጉንጬ ይላጥ ጀመር፤ ብጉሩ የነበረበት ቦታ ሁሉ ጠቆረ። ብጉሩ በሁለት ወር ውስጥ ለቀቀኝ። ጥቁሩ ግን ከዓመት በላይ አብሮኝ ኖረ፤ የምረቃ ፎቶዬ ላይ ዛሬም ይታያል።

ያ ጥጡ ላይ የነበረው ቡናማ ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ከፊሉ ሳሙናው ያላነሣው አቧራ ነው። የቀረው ወዜ ነው፤ ሊረግፍ ጊዜው ያልደረሰ የላይኛው ቆዳዬ ነው። ጥጡ ነጭ እስኪሆን መጥረግ ማለት ፊቴ ላይ መከላከያ የሚባል ነገር እስኪያልቅ መጥረግ ማለት ነበር።

እስቲ ስለ ወዝ ትንሽ ልበል። በቋንቋችን ወዝ የተወደደ ነገር ነው። «ፊቷ ወዝ አለው»፣ «ወዘናዋ ደስ ይላል» እንላለን። ሰው ሲታመም፣ ሲከፋው፣ ሲጎሳቆል «ወዙ ተመጠጠ» እንላለን። አያቶቻችን የቆዳ ትምህርት ሳይማሩ ወዝን ከጤና ጋር አንድ ቦታ አስቀመጡት፤ ልክ ነበሩ። ማስታወቂያው መጥቶ ነው ወዝን እንደ ቆሻሻ እንድናየው ያደረገን። ወዝ ሲበዛ ቀዳዳ እንደሚዘጋና ብጉር እንደሚያግዝ እውነት ነው፤ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ። መጠኑን መቆጣጠር አንድ ነገር ነው፤ ከሥሩ መጥረግ ደግሞ ሌላ።

አዲስ ምጣድ ስንገዛ ምን እናደርጋለን? እናሟሻለን። እያጋልን፣ በጎመን ዘር እያሰስን፣ ቀስ በቀስ ፊቱ እየጠቆረና እየለሰለሰ ይሄዳል። ደህና የሟሸ ምጣድ ላይ እንጀራው ዓይን አውጥቶ ሳይጣበቅ ይነሣል። እንግዲህ ያን ምጣድ አንድ ሰው ላጽዳላችሁ ብሎ በሳሙናና በሽቦ ፈግፍጎ ቢያነጣው ምን ትሉታላችሁ? «ጸዳልን» አትሉም፤ «አበላሸብን» ነው የምትሉት። የሚቀጥለው እንጀራ ይጣበቃል፣ ይቀደዳል፤ ማሟሸቱም እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ፊታችን የሟሸ ምጣድ ነው።

የፊታችን የላይኛው ሽፋን ከወረቀት ይሳሳል። ሥራቸውን የጨረሱ ጠፍጣፋ ሕዋሳት እንደ ጡብ ተደርድረውበታል፤ በመካከላቸው ደግሞ ስብ እንደ ጭቃ ገብቶ ያያይዛቸዋል። ይህ ግድግዳ ሁለት ሥራ አለው፤ ውስጥ ያለው ውሃ እንዳይወጣ ይይዛል፣ ውጭ ያለው ተሕዋስና መርዝ እንዳይገባ ይከለክላል። ከግድግዳው በላይ ከወዝና ከላብ የተሠራ ቀጭን ንጣፍ አለ። ንጣፉ ኮምጠጥ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ሃይንሪክ ሻደ እና አልፍሬድ ማርኪዮኒኒ የተባሉ ጀርመናውያን ሐኪሞች ይህን ኮምጣጣ ንጣፍ «የአሲድ ካባ» ብለው ሰየሙት፤ ስሙ እስከ ዛሬ በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ አለ። ካባ ማለታቸው ደስ ይለኛል፤ የክብር ልብስ ነውና።

ኮምጣጣነት በፒኤች ይለካል። ከ0 እስከ 14 ነው፤ 7 መሐል ላይ ያለ ገለልተኛ ነው፤ ከዚያ ሲወርድ ኮምጣጣ፣ ከዚያ ሲወጣ ሳሙናማ ይሆናል። ጤነኛ ፊት 5 አካባቢ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ትንሽ ዝቅ ይላል። ጥቁር ቡናም 5 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ፊታችን የሲኒ ቡና ያህል ኮምጣጣ ነው ማለት ትችላላችሁ። ይህ ኮምጣጣነት ብዙ ጎጂ ተሕዋስያን አይመቻቸውም። ከጡቦቹ መካከል ያለውን ስብ የሚሠሩት ኤንዛይሞችም የሚሠሩት ይህ ኮምጣጣነት ሲኖር ነው።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ብርጭቆ አስቀምጫለሁ። ፊት ያላችሁ እያያችሁ ለኋለኞቹ ንገሩልኝ። ይህች ቢጫ ቁራጭ የፒኤች ወረቀት ናት። መጀመሪያ ሁላችን ቤት ያለው የገላ ሳሙና አረፋ ውስጥ ላስገባት። ምን ሆነች? ሰማያዊ። አዎ፤ 9 ወይም 10 አካባቢ ማለት ነው። ሁለተኛው ብርጭቆ ውስጥ እኔ የምጠቀምበት ቶነር አለ። ይኸው፣ ወደ ቢጫነቷ ቀርባ ቀረች፤ 5 ገደማ። ሦስተኛው የሎሚ ጭማቂ ነው። ቀላች! 2 አካባቢ ነው። እነዚህ ቁጥሮች እንደ ብር እንዳይመስሏችሁ፤ አንዷ እርምጃ አሥር እጥፍ ናት። ከ5 ወደ 9 ስንሄድ ልዩነቱ 10,000 እጥፍ ነው። በሳሙና የታጠበ ፊት ወደ ኮምጣጣነቱ ለመመለስ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ በየቀኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ካጠብነው ደግሞ ተመልሶ ሳይደርስ እንደገና እንገፋዋለን። «ብጉር ያጠፋል» ተብሎ በልብስ ሳሙና የሚታጠቡ ልጆች አሉ። እነሱን ሳይ ልቤ ያዝናል።

ቶነር የተወለደው ከዚህ ነው። በምዕራቡ ዓለም ሴቶች ፊታቸውን በሳሙና ሲታጠቡ ከውሃው ካልሲየም ጋር የተቆራኘ የሳሙና ቅሪት ቆዳቸው ላይ ይቀር ነበር፤ በወፍራም ክሬም የሚያጸዱት ደግሞ የቅባቱ ቅሪት አለባቸው። ያን ቅሪት የሚያነሣ ፈሳሽ አስፈለገ፤ ቅባት የሚያነሣ ርካሽ ነገር አልኮል ስለሆነ አልኮል ገባበት። እ.ኤ.አ. በ1968 ክሊኒክ የተባለው የአሜሪካ የመዋቢያ ድርጅት ሲቋቋም ኖርማን ኦረንትራይክ ከተባሉት የኒውዮርክ የቆዳ ሐኪም ጋር ሆኖ ሦስት እርምጃ አወጣ፤ ሳሙና፣ የሚያጠራ ሎሽን፣ ማለስለሻ። መታጠብ፣ ቶነር፣ ክሬም የሚለው የዛሬው ቅደም ተከተል በዓለም ላይ እንዲሰፋ ያደረገው በአብዛኛው ይህ ነው። መካከለኛዋ እርምጃ የሳሙናን ጉዳት ለመካስ የመጣች ናት፤ ሳሙናው ባይኖር ባልተፈለገች ነበር።

ጃፓን ውስጥ ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ነው የሄደው፤ ለእኔ ይህ ክፍል ከሁሉ ይበልጥ ይጥመኛል። ዛሬ በመዋቢያ የምናውቀው ሺሰይዶ እ.ኤ.አ. በ1872 ቶኪዮ ጊንዛ ሠፈር ውስጥ የተከፈተ መድኃኒት ቤት ነበር። ከ25 ዓመት በኋላ በ1897 ዩደርሚን የተባለ ቀይ ፈሳሽ አወጣ፤ ከታጠቡ በኋላ ፊት ላይ የሚደረግ። ጃፓኖች ይህን ዓይነቱን «ኬሾሱይ» ይሉታል፤ የማስዋቢያ ውሃ እንደማለት ነው። የእነሱ ሐሳብ ከታጠበ ፊት ላይ ሌላ ነገር ማንሣት አልነበረም፤ ለፊቱ ውሃ መስጠት ነበር። በስልካችሁ የምታዩት የኮሪያ ቶነርም የዚሁ ሐሳብ ዘመድ ነው።

እንግዲህ ግራ የሚያጋባን ይህ ነው፤ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች በአንድ ስም ይሸጣሉ። እኔ አንዱን ነጣቂ ቶነር፣ ሌላውን መጋቢ ቶነር እላቸዋለሁ። ነጣቂው ወዝ ይወስዳል፣ መጋቢው ውሃ ይሰጣል። ዛሬ ፒኤቻቸው ከቆዳ ጋር የተቀራረበ፣ ሳሙና ያልሆኑ ፌስዎሾች ስላሉ የነጣቂው ቶነር የቀድሞ ሥራ አብቅቷል። ስለዚህ ባንኮኒዬ ላይ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፤ መጀመሪያ የምትታጠቢበትን አስተካክዪ። ከታጠብሽ በኋላ ፊትሽ ከተወጠረ «ጸዳ» ማለት አይደለም፤ ተራቆተ ማለት ነው። ያን ሳያስተካክሉ ቶነር መግዛት የሚያፈስ ጣራ ሥር ባልዲ እንደ መደርደር ነው።

ደግሞም ቶነር ግዴታ አይደለም። ቆዳ ሐኪሞች ለሁሉም ሰው የሚመክሯቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፤ በለስላሳ ነገር መታጠብ፣ ክሬም መቀባት፣ ቀን ቀን ሰንስክሪን፣ ማለትም ከፀሐይ የሚከላከል ቅባት፣ ማድረግ። ብር ለአንድ ብቻ ካላችሁና ቶነርና ሰንስክሪን ካማረጣችሁ፣ ሳታመነቱ ሰንስክሪኑን ግዙ። ይህን ስል ቶነሬን ልሸጥ አልመጣሁም ማለቴም ነው። እኔ ግን በየቀኑ እጠቀማለሁ፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሕፃን ስታጠቡ አስታውሱ። ከመታጠቢያው አውጥታችሁ በፎጣ ጠቅልላችሁ ውሃውን ቸብ ቸብ አድርጋችሁ ታነሣላችሁ እንጂ አትፈገፍጉትም። ገላው ገና እርጥብ እርጥብ እያለ ቅቤ ወይም ቅባት ይዛችሁ ታሻላችሁ። አያቶች «ሳይደርቅ ቀቢው!» ብለው የሚቆጡት ለምን ይመስላችኋል? ውሃው በቅባቱ ሥር እንዲቀር ነው። እኛ ራሳችን ስንታጠብ ግን ፊታችንን በፎጣ ፈግፍገን፣ ቡና አፍልተን፣ ስልክ አንሥተን፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ እናስታውሰዋለን። በዚያ መካከል ፊት ላይ የነበረው ውሃ ተንኖ ሄዷል፤ ሲሄድም የቆዳውን ውሃ ይዞ ይሄዳል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን የአዲስ አበባ ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ ከንፈር ሰንጥቆ እጅ የሚያነጣ ነው። ከታጠብን በኋላ ያለችው አንዷ ደቂቃ ወሳኝ የምትሆነው ለዚህ ነው። መጋቢ ቶነር የዚህች ደቂቃ ዕቃ ነው።

አደራረጉን ላሳያችሁ። ፊቴ ታጥቧል እንበል፤ ውሃውን በንጹሕ ፎጣ ቸብ ቸብ አድርጌ አንሥቻለሁ፣ ግን አልደረቀም። መዳፌ ላይ የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ያህል ቶነር አፈስሳለሁ። ጥጥ አልጠቀምም፤ ጥጥ ግማሹን ራሱ ይጠጣዋል፤ መፈግፈግም ያስለምዳል። ሁለቱን መዳፎቼን አገናኝና እንዲህ ጉንጬ ላይ እጫነዋለሁ። አልሽም፤ መጫን ብቻ። ከዚያ ግንባር፣ ከዚያ አገጭ፣ የቀረው ለአንገት። አንገትን አትርሱ፤ ፊት ሲንከባከቡት አንገት የእንጀራ ልጅ መሆን የለበትም። አሁን ቆዳዬ እርጥብ እርጥብ ይላል፤ ስነካው ጣቴ ላይ ትንሽ ይይዛል። ሳይደርቅ ክሬሙን አስከትላለሁ። ክሬም የሌለው ቶነር ክዳን የሌለው ድስት ነው፤ ውሃው ተንኖ ያልቃል። ቶነር ብቻ ተቀብተው «ይበልጥ ደረቀብኝ» የሚሉኝ ደንበኞች አሉ፤ የብዙዎቹ ችግር ይኸው ነው። ጠዋት ከሆነ ከክሬሙ በላይ ሰንስክሪን ይመጣል። አለቀ፤ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ምን ዓይነት ቶነር? የጀርባውን ጽሑፍ ማንበብ ልመዱ። ይዘቱ የሚጻፈው በብዛት ቅደም ተከተል ነው፤ ብዙው መጀመሪያ፣ ትንሹ ከታች። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ስሞች መካከል ግሊሰሪን ካያችሁ ደስ ይበላችሁ። ግሊሰሪን በመድኃኒት ቤት ርካሽ ከሆኑ ነገሮች አንዱ ነው፤ ከውድ ጠርሙስ ውስጥ ሥራውን የሚሠራውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ውሃ ስቦ ይይዛል። ሃያሉሮኒክ አሲድም እንደዚያው ነው፤ ስሙ «አሲድ» ይሁን እንጂ አያቃጥልም። ፓንቴኖል ያረጋጋል። ናያሲናማይድ የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት ነው፤ ወዝን ያረጋጋል፣ የጠቆሩ ቦታዎችንም ቀስ በቀስ ያግዛል፤ ለእኛ ቆዳ ከምወዳቸው አንዱ ነው። በተቃራኒው ከላይ ከላይ ከተጻፉት ውስጥ «አልኮል ዲናት» ካያችሁ ጠርሙሱን ወደ መደርደሪያው መልሱት። «ሴታይል አልኮል» እና «ሴቴአሪል አልኮል» የሚሉት ግን የሚያለሰልሱ ስቦች ናቸው፤ በስማቸው አትሽሹአቸው። ሜንቶል፣ ካምፎር፣ የሎሚ ዘይትና ከባድ ሽቶ ያለበትን ስስ ቆዳ ያላችሁ ተዉት።

ይህን ሁሉ የምለው የእኛ ቆዳ አንድ የተለየ ጠባይ ስላለው ነው። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ሲቆጣ ቀለም በማምረት ይመልሳል። ነጭ ቆዳ ቀልቶ ሳምንት ቆይቶ የሚረሳውን ቁስል፣ የእኛ ቆዳ ጥቁር ምልክት አድርጎ ለወራት ይይዘዋል። ብጉሩ ይሄዳል፣ ጥላው ይቀራል። ደንበኞቼ ፊታቸውን እያሳዩ «ይህን ብጉር አጥፊልኝ» ሲሉኝ ብዙ ጊዜ ብጉር የለም፤ ያለው የድሮ ብጉር ጥላ ነው። እናም ያን ጥላ ለማጥፋት ብለው የሚያቃጥል ቶነር ሲያደርጉ ሌላ ጥላ ይጨምራሉ። «ማቃጠሉ መሥራቱ ነው» የሚለውን አባባል እባካችሁ ከዛሬ ጀምሮ ተዉት። ካቃጠለ ቆዳው ተቆጥቷል፤ የተቆጣ ቆዳ ደግሞ ይጠቁራል። ማድያት ያለባችሁ ይህን በተለይ ስሙኝ።

ሎሚን በተመለከተ፣ እናቶቼን ሳላስቀይም ልናገር። የእኛ ሎሚ ያቺ ትንሽ፣ ክብ፣ ልጣጯ ስስ የሆነችው ናት። በልጣጯና በጭማቂዋ ውስጥ ፀሐይ ሲያገኛቸው ቆዳን የሚያቃጥሉ ነገሮች አሉ። ሎሚ ጨምቀው ፀሐይ ላይ የዋሉ ሰዎች እጃቸው ላይ ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ፣ ቀጥሎም ለወራት የማይለቅ ጥቁር መንጠባጠቢያ ይወጣባቸዋል፤ በሕክምና ቋንቋ የራሱ ስም ያለው ጉዳት ነው። ወረቀቷ ስትቀላ አይታችኋል። ግሊሰሪንና ሎሚ ቀላቅሎ ፊት ላይ ማድረግ ቤት ለቤት የሚዞር ምክር ነው፤ ግሊሰሪኑን ውሰዱ፣ ሎሚውን ለሰላጣ ተዉት። ግሊሰሪኑንም ቢሆን ሳትበርዙ አታድርጉት፤ አንድ እጅ ግሊሰሪን ከአሥር እጅ ውሃ ይበቃል።

የጽጌረዳ ውሃ ጥሩ ነው? ከጅዳና ከዱባይ የሚመለሱ እህቶቻችን ሻንጣ ውስጥ ብዙ ጊዜ አለ። ንጹሑ የጽጌረዳ ውሃ ለብዙ ሰው አይጎዳም፤ ሽታውም መንፈስ ያድሳል። ነገር ግን ጀርባውን አንብቡ፤ አንዳንዱ ውሃና ሽቶ ብቻ ነው። የሩዝ ውሃ፣ የእሬት ጭማቂ ቤት የምታዘጋጁ ከሆነ ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር አለ፤ ማቆያ የለውም። ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጣችሁ ሳምንት ካደረ ውስጡ ተሕዋስ አለ፤ ባታዩትም አለ። በትንሹ አዘጋጁ፣ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፣ በሁለት ቀን ውስጥ የተረፈውን ድፉት።

አሁን ወደ ወዛም ፊት ልመለስ። ከሰዓት በኋላ ግንባራቸውና አፍንጫቸው የሚያብለጨልጭ፣ ነጫጭና ጥቋቁር ነጥብ የሚይዛቸው ሰዎች የሚጠቅማቸው ሌላ ዓይነት ቶነር አለ፤ የአሲድ ቶነር። ሳሊሲሊክ አሲድ ዘይት ውስጥ ስለሚሟሟ ወደ ቀዳዳው ገብቶ ያጸዳል፤ ለብጉር ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ያለው ይበቃል። ግላይኮሊክና ላክቲክ አሲድ ደግሞ የላይኛውን የሞተ ቆዳ እንዲረግፍ ያግዛሉ። እነዚህ ጥሩ ዕቃዎች ናቸው፤ ግን እንደ ውሃ በየቀኑ የሚረጩ አይደሉም። በሳምንት ሁለት ሌሊት ጀምሩ። በሚቀጥለው ቀን ፊት ካልተቆጣ አንድ ሌሊት ጨምሩ። ግላይኮሊክ ከ10 በመቶ በላይ የሆነ፣ ወይም ፒኤቹ ከ3.5 በታች የሆነ ቤት ውስጥ አታድርጉ፤ እሱ የሐኪም ሥራ ነው። የቫይታሚን ኤ ዓይነት የሆኑትን ሬቲኖል ወይም ትሬቲኖይን የምትቀቡ በአንድ ሌሊት ከአሲድ ጋር አትደርቡት። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትጀምሩ። ምንም ችግር የሌለበት ቆዳ ያላችሁ ደግሞ፣ ጓደኛዬ አደረገች ብላችሁ አሲድ አትግዙ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።

አሲድ ያደረገ ሰው ሰንስክሪን የመተው መብት የለውም፤ ግላይኮሊክ አሲድ ቆዳ ፀሐይን እንዳይችል ያደርጋል። የምንኖርበትን ቦታ አስቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ጎጂው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዚያ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። የጨረር መለኪያው 11 ሲደርስ የዓለም ጤና ድርጅት «እጅግ ከፍተኛ» ይለዋል፤ እኛ እኩለ ቀን ላይ ያን ቁጥር ደጋግመን እናልፈዋለን። አየሩ ብርድ ስለሆነ ግን ፀሐዩ አይሰማንም። «ጥቁር ነኝ፣ አያቃጥለኝም» ለሚሉ፦ ቃጠሎው ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ጥላውን ግን ያጠቁረዋል።

ወንድሞቼ፣ እናንተንም አልረሳኋችሁም። ጸጉር ቤት ተላጭታችሁ ስትጨርሱ ባለሙያው አንገታችሁና አገጫችሁ ላይ አልኮል ይረጫል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ትችሉታላችሁ፤ ካላቃጠለ አልተላጨሁም የምትሉም አላችሁ። ምላጭ የነካው ቆዳ ላይኛው ሽፋኑ ተነሥቷል። ጸጉራችን ጥምዝ ስለሆነ ተመልሶ ወደ ቆዳ ይገባና አገጭ ሥር ያን የሚያሳክክ ጠጣር ብጉር ያወጣል፤ አልኮሉ ድርቀቱንና ቁጣውን ይጨምርበታል። ምላጩና ማሽኑ ንጹሕ እንዲሆን አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ ተሕዋሱን መግደል ያለባችሁ መሣሪያው ላይ ነው። ለቆዳችሁ ግን አልኮል የሌለው መጋቢ ቶነር በመዳፍ ተጭኖ፣ ቀጥሎ ቀለል ያለ ክሬም። ባለሙያውን «ወንድሜ፣ አልኮሉን ተውልኝ» ማለት ነውር የለበትም።

አንድ ከባድ ነገር ቀርቶኛል። «የሚያቀላ ቶነር» ተብሎ የሚሸጥ አለ። አንዳንዱ መለያ የለውም፤ ሱቅ ውስጥ ተቀላቅሎ በፕላስቲክ ዕቃ የሚሰጥ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ መጣች፤ ፊቷ በስካርፍ ተሸፍኗል። ስትገልጠው ጉንጮቿ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ ክር ይታያሉ፤ ዙሪያውን ትንንሽ ቀያይ ብጉር። ስድስት ወር ያህል ተቀብታዋለች። መጀመሪያ «አበራኝ» አለች፤ ለማቆም ስትሞክር ፊቷ እንደ እሳት ነደደ፣ እንደገና ተቀባች፣ እንደገና ቀዘቀዘላት። ይህ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶንን የመሰሉ ጠንካራ ስቴሮይዶች፣ ማለትም የቆዳ ቁጣ የሚያበርዱ ቅባቶች፣ የሚያደርጉት ነው። መድኃኒት ናቸው፤ ሐኪም ለጥቂት ቀን ለተወሰነ ቦታ ሲያዛቸው ያድናሉ። ያለ ትእዛዝ ፊት ላይ ለወራት ሲቀቡ ቆዳውን ያሳሱታል። በሌላው ውስጥ ሜርኩሪ አለ፤ ኩላሊት ይጎዳል፤ ከእናት ወደ ሕፃን ይተላለፋል፤ ሜርኩሪ ያለበት የቆዳ ማቅያ እንዳይመረትና እንዳይሸጥ የሚያግድ ዓለም አቀፍ ስምምነትም አለ። እንዲህ ያለ ዕቃ ስትጠቀሙ የቆያችሁ ካላችሁ፣ ከነገ ጀምሮ በድንገት ከማቆማችሁ በፊት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ዕቃውንም ይዛችሁ ሂዱ። አለርት ሆስፒታል ለሥጋ ደዌ ሕክምና የተቋቋመ ቢሆንም ዛሬ የቆዳ ሕክምና ክፍሉ ለሁሉም ክፍት ነው። ማንም አይቆጣችሁም። ያቺ ልጅ እያገገመች ነው፤ ባለፈው ወር ያለ ስካርፍ መጣች።

አዲስ ቶነር ስትገዙ ፊታችሁ ላይ አትጀምሩት። ጆሮ ሥር ወይም ክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ላይ ለሁለት ለሦስት ቀን ሞክሩት፤ ካላሳከከና ካልቀላ ወደ ፊት ሂዱ። ከዚያም ታገሡ። የላይኛው ቆዳ ሙሉ በሙሉ ለመታደስ ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ በሦስተኛው ቀን ለውጥ የሚያሳይ ዕቃ ካገኛችሁ ልትጠራጠሩ ይገባል። ጠርሙሱ ላይ ክዳኑ የተከፈተ ትንሽ ጣሳ ሥዕል ታያላችሁ፤ ውስጡ 6 ወይም 12 ይላል። ከተከፈተ በኋላ የሚቆይበት ወር ነው። የከፈታችሁበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉበት።

እኔ ጨርሻለሁ። አሁን ፌስታላችሁን አንሡና ወደ ጠረጴዛው ኑ፤ የፒኤች ወረቀቱ ለሁላችን ይበቃል። ክዳኑን ከፍተን አንድ ጠብታ እናደርጋለን፣ ጀርባውን አብረን እናነብባለን፣ ወደ ቤት የሚመለሰውንና እዚህ የሚቀረውን እንለያለን። ከፊት ረድፍ እንጀምር፤ አንቺ እህቴ፣ ያቺን ሰማያዊ ጠርሙስ መጀመሪያ አምጪልኝ።